የፕሪየስ ሙዚቃ፦ የሃይብሪድ መኪና ድምፅ ማሻሻያ ከሀ እስከ ፐ

መኪናዬ ላይ አምፕሊፋየር (የቴፑን ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ፣ ባጭሩ አምፕ) ካስገባሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። እሁድ ጠዋት ልጆቹ ከሰንበት ትምህርት ቤት እስኪወጡ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ መዝሙር ከፈትኩ። መኪናዬ የ2012 ፕሪየስ ናት፤ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሄድ ሃይብሪድ። "ነዳጅ ምን አቃጠለኝ" ብዬ፣ ፍሬን ሳልረግጥ ማስነሻውን አንዴ ብቻ ተጭኜ ቴፑን አስነሳሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየሁ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጭጭ። ከኋላ ወንበር ጀርባ ከ200 ቮልት በላይ የሚሰጥ ባትሪ ተሸክማ፣ ያውም ሞልቶ፣ አልነሳም አለች።

ኬብል የያዘ አንድ ወንድም ደርሶ አዳነኝ። እኔም ቤት ገብቼ መጀመሪያ ማንበብ የነበረብኝን ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ዋሽንግተንና አካባቢው ላይ ታክሲም ኡበርም የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ፕሪየስ ወይም ሃይብሪድ ካምሪ የያዘውም ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የሚውል ሰው ጥሩ ድምፅ ቢመኝ አይፈረድበትም። እኔ የተሳሳትኩትን እናንተ እንዳትደግሙት ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያለው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ነው። በሌላ ሃይብሪድ ላይም ሐሳቡ ያው ነው፤ የዕቃዎቹ ቦታ ግን ይለያያል።

ሁለቱ ባትሪዎች

ሃይብሪድ መኪና ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ መኪናውን የሚገፋው ነው። በዚህ ፕሪየስ ላይ 28 ሞጁል ተደርድሮ 201.6 ቮልት ይሰጣል። ትንሹ እንደ ማንኛውም መኪና 12 ቮልት ነው፤ ቴፑ፣ መብራቱና ኮምፒውተሩ ሁሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። ትንሽ ስል በእርግጥም ትንሽ ነው፤ የሚይዘው 45 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ሞተር የማዞር ግዴታ ስለሌለበት ቶዮታ ትልቅ ማድረግ አላስፈለገውም። የእሱ ሥራ ጠዋት ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስና የትልቁን ባትሪ በር መክፈት ነው። ያንን የሚያደርግበት ጉልበት ካጣ፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ከደጅ እንደተቆለፈበት ቤት ነው።

ሌላው ልዩነት አልተርኔተር የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የትልቁን ባትሪ ጉልበት ወደ 14 ቮልት አውርዶ ትንሹን የሚሞላ መቀየሪያ አለ። እሱ የሚሠራው ግን ዳሽቦርዱ ላይ "ሬዲ" የሚለው ጽሑፍ ሲበራ ብቻ ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ስታስነሱ ሬዲ ይበራል። ፍሬን ሳትረግጡ አንዴም ሁለቴም ብትጫኑ ቴፑ ይሠራል፤ ነገር ግን ትንሹን ባትሪ እየበላችሁ ነው። እኔን ፓርኪንግ ውስጥ ያስቀረኝ ይኼ ነው። ባትሪዋም አርጅታ ነበር፣ እሱን አልክድም።

ሂሳቡን ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩ

ሱቅ ገብታችሁ "1,000 ዋት" የሚል ካርቶን ስታዩ አትደንግጡ፣ አትጓጉ። አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ዕቃው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት እሱ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ለገበያ የተጻፈ ነው።

የኔን ሥሪት እንውሰድ። ለአራቱ በሮች 50፣ 50 ዋት፣ ለሰብዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ለሚያወጣው ስፒከር) 150 ዋት። ድምሩ 350 ነው። ክላስ ዲ የሚባለው የአምፕ ዓይነት ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶ አካባቢውን ወደ ድምፅ ይለውጣል። ስለዚህ የሚጎትተው 440 ዋት ገደማ ነው። ለ14 ቮልት ስናካፍለው 31 አምፔር ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ስለሚል በአማካይ የሚበላው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

መቀየሪያው የሚሰጠው 100 አምፔር አካባቢ ነው። "እንግዲያው ገና 70 ይቀራል" እንዳትሉ። ከዚያው ላይ የፊት መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የአየር ማራገቢያ፣ የኤሌክትሪኩ መሪና የፍሬኑ ፓምፕ ይካፈላሉ። አዎ፣ የፕሪየስ ፍሬንና መሪ በዚችው 12 ቮልት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ስለዚህ የኔ ወሰን 40 አምፔር ፊውዝ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አምፕ የሚፈልግ ሰው ሌላ መኪና ቢፈልግ ይሻለዋል። የድሮዎቹን ክላስ ኤቢ አምፖችም ተዉአቸው፤ ግማሹን ኃይል ወደ ሙቀት ነው የሚለውጡት።

ገንዘባችሁ ካልበቃ በዚህ ተራ ግዙ። መጀመሪያ የፊት በር ስፒከርና የበር ማፈኛ (የቆርቆሮውን ጩኸት የሚያፍን የሚለጠፍ ወረቀት)። ቀጥሎ አምፑ አብሮት ያለ ትንሽ ሰብዉፈር። የበሮቹ አምፕ ከዚያ በኋላ። ቴፑን መቀየር መጨረሻ ላይ ነው፤ ጨርሶ ላያስፈልግም ይችላል። አብዛኛው ሰው ይህንን ገልብጦ ከቴፑ ይጀምርና ድምፁ ለምን እንዳልተሻሻለ ይገርመዋል።

ደረጃ 1፦ ባትሪውን መርምሩ

መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ የምትገኘው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል፣ ከፕላስቲክ ክዳን ሥር ነው። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ ለኩ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደኅና ናት። 12.2 አካባቢ ከሆነች ተዳክማለች። ከ12 በታች ከሆነች ስለ ሙዚቃ ከማሰባችሁ በፊት ባትሪ ግዙ። ቀጥሎ ሬዲ አድርጋችሁ ለኩ፤ 14 አካባቢ ማሳየት አለበት።

ባትሪ የምትቀይሩ ከሆነ ለፕሪየስ የተሠራውን፣ የጋዝ ማስወጫ ቱቦ የሚቀበለውን ዓይነት ግዙ። ባትሪው ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጋዙ በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ተራ ባትሪ እዚያ ማስቀመጥ ርካሽ ይመስላል፤ ግን አታድርጉት።

ደረጃ 2፦ ብርቱካናማውን አትንኩ

በሃይብሪድ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ሁሉ ሰው ይገድላል። ይህ ማጋነን አይደለም። ለሙዚቃ ሥራ ብርቱካናማ ገመድ የሚነካበት አንድም ምክንያት የለም፤ መክፈትም፣ መግፋትም፣ የእናንተን ሽቦ ከሱ ጋር ማሰርም አያስፈልግም። ከኋላ ያለውን ብርቱካናማ እጀታ ያለው መንቀያም ለባለሙያ ተዉት።

መኪናውን አጥፉ፣ ቁልፉን ከመኪናው አርቁ፣ የ12 ቮልቱን ኔጌቲቭ ፍቱ። ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ፤ የኤርባጉ ሥርዓት የያዘው ኃይል እስኪወጣ ነው። እኔ ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ባትሪው ተፈቶ እያለ የኋላውን በር አትዝጉት። መክፈቻው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪው ውስጥ፣ እናንተ ውጭ ትቀራላችሁ። ፎጣ አጥፋችሁ መዝጊያው ላይ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ በሮቹ

እዚህ ጋ ጊዜያችሁን ስጡ። የድምፁ ለውጥ ትልቁ ክፍል ያለው በር ውስጥ ነው።

ከውስጠኛው የበር እጀታ ጀርባ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ ሥሯ ብሎን አለ። እጃችሁን አስገብታችሁ በሩን የምትስቡበት ቦታም ሌላ ብሎን አለ። የመስኮቱን ማብሪያ በፕላስቲክ መንቀያ አንሱና ሶኬቱን ንቀሉ። ካቻቢቴ ግን አትጠቀሙ፣ ቀለሙን ይልጠዋል። ከዚያ የበሩን ሽፋን ከታች ጀምራችሁ ክሊፖቹን አንድ በአንድ አስለቅቁና ወደ ላይ አንሡት። ክሊፕ መስበሩ አይቀርም፤ አስቀድማችሁ ጥቂት ትርፍ ግዙ።

ቶዮታ ስፒከሩን ብዙ ጊዜ በብሎን አያስረውም፤ በሪቬት ይመታዋል። የሪቬቱን ራስ በትራፓኖ ቀስ ብላችሁ ብሉት። የብረቱ ብናኝ አዲሱ ስፒከር ማግኔት ላይ እንዳይለጠፍ በቫኪዩም ጥረጉ። መጠኑን በካርቶን ላይ በተጻፈው አትመኑ፤ የወጣውን ስፒከር በሜትር ለኩ። ከፊት ሞላላ ባለ 6 በ9 ኢንች፣ ከኋላ ክብ ባለ 6 ኢንች ተኩል ማግኘት የተለመደ ነው። አዲሱ ካልገጠመ የፕላስቲክ ማገናኛ ቀለበት አለ፤ በሩን አትቁረጡ።

ለጊዜው አምፕ ካልገዛችሁ የስፒከሩን "ሴንሲቲቪቲ" እዩ። 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ያለው በፋብሪካው ቴፕ ጉልበትም ይጮኻል። ጉልበትን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ 87 ያለውን ትታችሁ 90 ያለውን ብትገዙ አምፑን በነፃ እጥፍ እንዳደረጋችሁት ነው።

ሽቦው ላይ የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ ካጠራጠራችሁ የቆየ ብልሃት አለ። ተራ የሪሞት ባትሪ ያዙ። የነቀላችሁትን አሮጌ ስፒከር ሁለት ጫፎች ለቅጽበት አስነኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላቢጦሽ። ግራና ቀኙ ተቃርኖ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይጠፋል፣ ሰውም ስፒከሩን ይሳደባል።

በሩ ክፍት እያለ ማፈኛውን ለጥፉ። ሃይብሪድ ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲሄድ ጸጥ ይላል፤ ፈጣን መንገድ ላይ ግን የጎማው ጩኸት በቀጭኑ ቆርቆሮ በኩል ይገባል። ጥቁር የቡታይል ወረቀት፣ ከላይ አሉሚኒየም ያለበት፣ ገዝታችሁ የውጭውን ቆርቆሮ ከውስጥ ለጥፉበት። ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፤ ሩቡ ወይም ሲሶው ይበቃል። በአልኮል ጥረጉ፣ ለጥፉ፣ በሮለር ደፍጥጡ። በሩን በጣታችሁ አንኳኩ፦ በፊት "ኳ" ይል የነበረው "ድብ" ካለ ሠርቷል። ክረምት ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ደጅ ሆናችሁ ብትለጥፉ አይይዝም፤ መጀመሪያ በሙቅ አየር አሙቁት።

ሦስት ነገር አትሸፍኑ፦ ከበሩ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች፣ የመስኮቱን መስመር፣ የኤርባጉን ሴንሰር። ጥቁር ማጣበቂያ ያለውን ላስቲክም በቦታው መልሱት። አንድ ሰው ላስቲኩን ጥሎት ዝናብ ሲዘንብ ምንጣፉ ረጥቦ አይቻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ መኪናው ግን የኔ ነበር።

ደረጃ 4፦ የፋብሪካውን ቴፕ ማቆየት ወይስ መቀየር?

እኔ አቆየሁት። የኋላ ካሜራውና የመሪው ቁልፎች ያለ ጣጣ ይሠራሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከፋብሪካው ቴፕ የስፒከር ሽቦ ላይ የድምፅ ምልክት መቀበል የሚችል አምፕ ነው። ቴፑ ጀርባ ከቶዮታው ሶኬት ጋር የሚገጥም ማገናኛ ይሸጣል፤ እሱን ከገዛችሁ አንድም ሽቦ አትቆርጡም። መኪናውን የምትሸጡ ቀን ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ።

ከ2004 እስከ 2009 ያለውን ፕሪየስ የያዛችሁ፣ መሀል ላይ ያለችውን ስክሪን አትንኳት። የአየር ማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ እሷ ውስጥ ነው። ጄቢኤል የሚል ጽሑፍ ያለበት መኪና ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ፋብሪካው ያስገባው የራሱ አምፕ ስላለው ማገናኛውም የስፒከሩም ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) ሊለይ ይችላል። የገዛችሁት ዕቃ ለጄቢኤሉ እንደሚሆን ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ አምፑን ማስገባት

ብዙ መኪና ላይ ትልቁ ስቃይ የኃይል ሽቦውን ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ማሳለፍ ነው። እዚህ ባትሪው ከኋላ ስለሆነ ከዚህ ድናችኋል። አምፑን ዕቃ መጫኛው ጎን ብታስቀምጡት ሽቦው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ2016 የመጣው አራተኛው ትውልድ ግን ባትሪውን ወደ ኮፈኑ ሥር ወስዶታል፤ የዚያ ባለቤቶች እንደ ቀረው ሰው ሽቦ ይጎትታሉ።

ባለ 8 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት ቁጥር ነው) ሽቦ ለ40 አምፔር በዚህ ርቀት ይበቃል። ሙሉ መዳብ ይሁን። ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ አድርጉ። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፑን አይደለም፤ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ መኪናው እንዳይቃጠል ነው። ሽቦው ሁሉ ታስሮ እስኪያልቅ ፊውዙን አትክተቱት።

ግራውንዱን (የአምፑን ኔጌቲቭ ሽቦ) ከባትሪው አጠገብ ካለ ንጹህ የመኪናው ብረት ላይ እሰሩ። ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ፋቁ፣ ብረቱ እስኪያበራ። የወንበር ቀበቶ የሚያስረውን ቡሎን ግን አትጠቀሙ። መጀመሪያ ሥራውን ያሠራሁት ልጅ እዚያ አስሮልኝ ነበር፤ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር "ዊዊዊ" የሚል ፉጨት ስሰማ ከረምኩ። ያ ፉጨት ከኢንቨርተሩ፣ የትልቁን ባትሪ ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ ከሚቀይረው ዕቃ፣ የሚመጣ ነው። ግራውንዱን ቀይሬ የምልክት ሽቦውን ከኃይል ሽቦው ተቃራኒ ጎን ሳሳልፈው ጠፋ።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ትልቁ ባትሪ አለ። ወደ ታች ብሎን አትምቱ፣ ትራፓኖ አታሳዩት። አምፑን በቬልክሮ ያዙት ወይም እንጨት ላይ አስራችሁ እንጨቱን ጎን ላይ አቁሙት። የትልቁ ባትሪ ማቀዝቀዣም ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል ባለው ወንፊት አየር ይስባል። ሳጥንም፣ ጃኬትም፣ ስጦታ የታሸገበት ፌስታልም አትደግፉበት። ባትሪው ሲግል ዕድሜው ያጥራል፤ የሱ ዋጋ ደግሞ የሙዚቃውን ዕቃ በሙሉ ብዙ ጊዜ ይገዛል።

አምፑን የምታበራው ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ከነጭ ጋር፣ መኪናው ሲጠፋ ኃይል ከሚቋረጥበት ቦታ ትምጣ። በቀጥታ ከባትሪው ካሰራችኋት አምፑ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። ጠዋት እናንተም እንደኔ ኬብል የያዘ ወንድም ትፈልጋላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሰብዉፈሩ

ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች፣ የታሸገ ሳጥን ያለው ይበቃል። ተሳፋሪ ሻንጣ የምትጭኑ ከሆነ አምፑ አብሮት ያለው ቀጭኑ ዓይነት ይሻላል። ብቻ ከወንበር ሥር ከማስገባታችሁ በፊት ከፍታውን ለኩ፤ ቦታው ጠባብ ነው። ሳጥኑን እሰሩት። ድንገት ፍሬን ሲያዝ 15 ኪሎ የሚመዝን ሳጥን ወደ ፊት መብረር የለበትም።

ደረጃ 7፦ ማስተካከል

ቤዙን፣ ትሬብሉን፣ "ላውድነሱን" ሁሉ ዜሮ አድርጉ። የቴፑን ድምፅ ከጣሪያው ሦስት አራተኛ ላይ አድርሱት። የአምፑን ጌይን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱት። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ቴፑንና አምፑን ማስማሚያ ነው።

የበር ስፒከሮቹን ከ80 ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች እንዳይጫወቱ ቁረጡ፤ ሰብዉፈሩን ከ80 በላይ እንዳይጫወት ቁረጡ። ከዚያ ጆሮ ነው። ከበሮ ያለበት መዝሙር ክፈቱ። ከበሮው ከኋላችሁ ከመጣ ሰብዉፈሩ በዝቷል ወይም ቁርጡ ከፍ ብሏል፤ 70 ሞክሩ። ከፊት ከመጣ ተሳክቶላችኋል። ቀጥሎ መሰንቆ። መሰንቆ የሰው ድምፅ አጠገብ ስለሚኖር የመሀሉን ክፍል ያጋልጣል፤ ጆሮ የሚበሳ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ያለውን ቀንሱ። ክራር ሲመታ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ካልተሰማ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ደክሟል ወይም ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጧል። የሰብዉፈሩንም ሁለት ሽቦ አገላብጣችሁ ሞክሩ፤ ቤዙ የሚሞላበትን ምረጡ።

መኪናችሁ ቀስ ብሎ ሲሄድ ወደ ውጭ የሚያሰማው "ውውው" የሚል ድምፅ ካለ ተዉት። የሚወጣው ከራሱ ስፒከር ነው። ዓይነ ስውራንና እግረኞች ጸጥተኛውን መኪና እንዲሰሙት የተሠራ ነው፣ አሜሪካ ውስጥም ለአዲስ መኪኖች ሕግ ሆኗል።

ቆማችሁ ስትሰሙ

ኤርፖርት ተራ ስትጠብቁ ሬዲ ላይ ሁኑ፣ ማርሹ ፒ ላይ ይሁን። ሞተሩ አልፎ አልፎ ራሱ ተነስቶ ትልቁን ባትሪ ሞልቶ ይጠፋል። ማርሹን ኤን ላይ አታድርጉት፤ ኤን ላይ ትልቁ ባትሪ አይሞላም። ዝግ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በፍጹም ሬዲ ላይ አትተዉት፤ ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ ይገድላል።

ያም ሆኖ አንድ ቀን ባትሪው ቢሞትባችሁ፣ የሪሞቱ ሆድ ውስጥ የብረት ቁልፍ አለች፤ የሾፌሩ በር በእሷ ይከፈታል። የኋላው በር አይከፈትም፣ አትታገሉት። ኮፈኑን ክፈቱ። የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ስታነሱ ፖዘቲቭ የሚል ቀይ ክዳን ታያላችሁ፤ ቀዩን ኬብል እዚያ፣ ጥቁሩን ደግሞ ቀለም የሌለው ብረት ላይ አድርጉ። ከማገናኘታችሁ በፊት ሁለቴ እዩ። ከተገለባበጠ የሚቃጠለው ከፊውዝ በላይ ነው። ሬዲ እንዳለ ኬብሉን ንቀሉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ። ቴፑን ቤት እስክትደርሱ አትክፈቱት።